በአሜሪካ ፌዴራል ገንዘብ የሚካሄድ ምርምር በኢትዮጵያ ተቋም ውስጥ እንዴት ይተዳደራል? ከውል ፊርማ እስከ መዝጊያ

ይህ መመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ማለትም የኤን አይ ኤች፣ የምርምር ገንዘብ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል በንዑስ ውል ለሚደርሳቸው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የተዘጋጀ ነው። ለግራንት አስተባባሪም፣ ለፋይናንስ ባለሙያም፣ ለዋና ተመራማሪም ይሆናል። ሦስቱ ሳይነጋገሩ የሚሠሩበት ፕሮጀክት ኦዲት ሲመጣ መቸገሩ አይቀርም።

ኦዲተር ወጪን ውድቅ ለማድረግ ገንዘቡ የግድ መሰረቅ የለበትም። ሥራው በትክክል ተሠርቶ፣ ዕቃውም መጋዘን ገብቶ ሳለ የደረሰኙ ቀን ከውሉ ጊዜ ውጭ ከሆነ፣ ፈቃዱ ከወጪው በኋላ ከተጠየቀ ወይም የዓመቱ የሥራ ሰዓት መዝገብ ሁሉ በአንድ ቀን ከተፈረመ ወጪው ይወድቃል። የወደቀውን ደግሞ ተቋሙ ከራሱ ካዝና በዶላር ይመልሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማስረጃ ወጪው በተፈጸመበት ዕለት መዘጋጀት አለበት፤ ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

1. ከፊርማ በፊት

በመጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛችሁ እወቁ። መሠረቱ ቱ ሲ ኤፍ አር 200 የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ አስተዳደር ደንብ ነው። በላዩ የኤን አይ ኤች የግራንት ፖሊሲ፣ ቀጥሎ ለአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የተሰጠው የድጋፍ ማስታወቂያ፣ ከዚያ የእናንተ ንዑስ ውል፣ በመጨረሻም የተቋማችሁ መመሪያና የኢትዮጵያ ሕግ ይመጣሉ። ሁለቱ ሲጋጩ ጥብቁ ይሠራል። ተቋማችሁ ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠይቅ ከሆነ የአሜሪካው ደንብ በአንድ ቢፈቅድም ሦስት ሰብስቡ።

ደንቡ ተሻሽሎ ከኦክቶበር 1፣ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ኤን አይ ኤች የሚገኝበት የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ግን ከፊሉን በዚያን ጊዜ፣ ቀሪውን ከኦክቶበር 1፣ 2025 ጀምሮ ነው የተቀበለው። በመካከሉ የተፈረሙ ውሎች አሮጌውንም አዲሱንም ቁጥር ይዘው ይገኛሉ። ለምሳሌ “መሣሪያ” የሚባለው ዕቃ መነሻ ዋጋ ከ5,000 ዶላር ወደ 10,000 ከፍ ብሏል። በውላችሁ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ በጀት አትከፋፍሉ።

ቀጥሎ ምዝገባ። ንዑስ ተቀባይ፣ ማለትም የእናንተ ተቋም፣ ቢያንስ ዩ ኢ አይ የሚባለው ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ሊኖረው ይገባል፤ የሚገኘውም ሳም ዶት ጎቭ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ነው። ነገር ግን በዚህ ብቻ አትቁሙ። ኤን አይ ኤች ሜይ 1፣ 2025 ባወጣው ማስታወቂያ የውጭ አገር ንዑስ ውል ያለባቸውን አዲስና የሚታደሱ ግራንቶች በነበረው መልክ መስጠት እንደሚያቆም፣ በምትኩም የውጭው ተቋም ከኤን አይ ኤች ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት አሠራር እንደሚዘረጋ አሳውቋል። ስለዚህ ሙሉ ምዝገባውን ካሁኑ ጨርሱ። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ኤን ኬጅ የሚባለው የውጭ ተቋማት ኮድ፣ ከዚያ የሳም ሙሉ ምዝገባ፣ ከዚያ ኢራ ኮመንስ የሚባለው የኤን አይ ኤች የግራንት ሥርዓት ነው። ምዝገባው በብዛት የሚሰናከለው በስምና በአድራሻ ነው። የተቋሙ ስም በእንግሊዝኛ አንዴ በአንድ ዓይነት፣ አንዴ በሌላ ዓይነት ከተጻፈ ሥርዓቱ አይቀበለውም። የፖስታ ሣጥን ቁጥርም እንደ መገኛ አድራሻ አይቆጠርም። ስሙ በምሥረታ አዋጁ ወይም ደንቡ ላይ እንዳለ፣ አድራሻው ክፍለ ከተማና መንገድ ወይም ቀበሌ ይዞ፣ በሦስቱም ቦታ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። የሳም ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ማስታወሻው ሊደርስ የሚገባው ለአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ሳይሆን ለቢሮው አድራሻ ነው።

ሦስተኛው የተዘዋዋሪ ወጪ፣ ማለትም እንደ መብራትና አስተዳደር ያለው የተቋሙ የጋራ ወጪ፣ ስሌት ነው። ለውጭ ተቋማት ኤን አይ ኤች የሚፈቅደው 8 በመቶ ነው፤ የሚሰላው ግን ከጠቅላላው ቀጥተኛ ወጪ ላይ ሳይሆን ከተስተካከለው መሠረት ላይ ነው። ቀጥተኛ ወጪው 100,000 ዶላር ቢሆንና ከዚያ ውስጥ 18,000 ዶላር የአንድ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ዋጋ ቢሆን፣ መሣሪያው ይቀነስና 82,000 ይቀራል፤ 8 በመቶው 6,560 ዶላር ነው። 8,000 ብሎ ያስገባ ተቋም 1,440 ዶላር ያለአግባብ ጠይቋል።

በመጨረሻ የውል ማቋረጫውን አንቀጽ አንብቡ። በ2025 ብዙ ግራንቶች በመካከል ተቋርጠዋል። ከማቋረጫው በፊት በአግባቡ የተገባና ሊሰረዝ የማይችል ግዴታ ብቻ ሊከፈል ስለሚችል፣ ከሠራተኞችና ከአቅራቢዎች ጋር የምትፈርሙት ውል “ዋናው ድጋፍ ከተቋረጠ በዚህን ያህል ቀን ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል” የሚል ቃል ይኑረው። ይህ ባይኖር የሦስት ዓመት ቅጥር የፈረመ ተቋም ልዩነቱን ራሱ ይሸከማል።

2. ቀን

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ፕሮጀክት በጣም አስቸጋሪው ጉዳይ የቀን አቆጣጠር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የውሉ በጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30፣ 2025 ያበቃል እንበል። ይህ መስከረም 20 ቀን 2018 ነው። አቅራቢው በደረሰኙ ላይ 20/01/2018 ብሎ ይጽፋል፤ አሜሪካ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ግን የሚያየው ከሰባት ዓመት በፊት ያለን ጃንዋሪ ነው። ከዚህ የባሰው ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 8፣ 2025 ነው፤ በደረሰኝ ላይ 03/13/2017 ተብሎ ሲጻፍ በአሜሪካ አጻጻፍ ፍጹም ትክክል የሚመስል ማርች 13፣ 2017 ይሆናል። ማንም ስህተት መኖሩን ሳይጠረጥር ወጪው “ከጊዜ ውጭ” ተብሎ ይጣላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሳይሰለቹ ማድረግ ብቻ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ደረሰኝ ወደ ፋይል ከመግባቱ በፊት ሁለቱም ቀን በቃል የሚጻፍበት ማኅተም ይምቱበት፤ “መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. / ሴፕቴምበር 30፣ 2025” ተብሎ ወሩ በስሙ ይጻፍ። ዋናውን ጽሑፍ አትሰርዙ፣ አትደልዙ። የመለወጫ ሰንጠረዡም ለእያንዳንዱ ዓመት ለብቻው ይዘጋጅ። አዲስ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ግን ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሻገራል። በ2016 እንዲህ ስለነበር ሴፕቴምበር 30፣ 2023 መስከረም 19 ላይ ዋለ። የመጨረሻውን የበጀት ቀን ባለፈው ዓመት ሰንጠረዥ የሚያሰላ ሰው በአንድ ቀን ይሳሳታል፤ ያ አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም የሚገዛበት ቀን ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመትም ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ፋይናንስ ክፍሉ ሒሳቡን በሰኔ ሲዘጋ የፕሮጀክቱን ሒሳብ ኮድ አብሮ እንዳይዘጋው ቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ክፍያ ለሳምንታት ስለሚቆም፣ የላቦራቶሪ ግዢ ወደዚያ ጊዜ አታስጠጉ።

3. ብርና ዶላር

በጀቱ በዶላር ነው፣ ወጪው በብር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 (ጁላይ 29፣ 2024) በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። በአሮጌው የበጀት ተመን ሪፖርት የሚያደርግ ተቋም ያላወጣውን ዶላር አወጣሁ ይላል።

ገንዘቡ በቅድሚያ የሚላክላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ዝውውር 30,000 ዶላር በ135 ብር ተመንዝሮ 4,050,000 ብር ገባ፤ ሁለተኛው 20,000 ዶላር በ145 ተመንዝሮ 2,900,000 ብር ገባ። እስካሁን የወጣው 4,500,000 ብር ከሆነ፣ የመጀመሪያው 4,050,000 ብር 30,000 ዶላር ነው፤ ቀሪው 450,000 ብር ለ145 ተካፍሎ 3,103.45 ዶላር ይሆናል። የምታስመዘግቡት 33,103.45 ዶላር ነው። ይኸው ወጪ በ57 ተካፍሎ ቢሆን 78,947 ዶላር ይሆን ነበር። የባንኩ የገቢ ማስታወቂያ ተመኑን ስለሚያሳይ ከእያንዳንዱ ዝውውር ጋር ይታሰር።

ቀድማችሁ አውጥታችሁ በኋላ የሚተካላችሁ ከሆነ ደግሞ የትኛውን ተመን እንደምትጠቀሙ፣ የብሔራዊ ባንክን ወይም የራሳችሁን ባንክ፣ የክፍያውን ቀን ወይም የወሩን አማካይ፣ በውሉ ወይም በጽሑፍ ስምምነት አስፍሩና ሳትለውጡ ቀጥሉ። በምንዛሪ ለውጥ የተረፈው ገንዘብ የፕሮጀክቱ ነው፤ የተቋሙ ገቢ አይደለም። ለሌላ ሥራ ከመዋሉ በፊት ዋናው ተቀባይ፣ ማለትም የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ፣ በጽሑፍ ይጠየቅ።

4. ደመወዝና የሥራ ሰዓት

ደንቡ የሚቀበለው ሰውየው ከመደበኛ ደመወዙ ለፕሮጀክቱ የሠራበትን ድርሻ ነው። የወር ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ መምህር 25 በመቶ ጊዜውን ከሰጠ፣ የሚከፈለው 5,000 ብር ነው፤ በዓመት ሲታይ የሦስት ወር ሥራ ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው “ቶፕ አፕ” ላይ ነው። ከደመወዝ በላይ የሚሰጥ ክፍያ ራሱን የቻለ የተቋሙ የጽሑፍ መመሪያ ካልኖረው፣ ለሁሉም የገንዘብ ምንጭ እኩል ካልሠራና በበጀቱ ውስጥ ተለይቶ ካልጸደቀ ውድቅ ለመሆን ክፍት ነው። “ሌሎች ፕሮጀክቶችም እንዲህ ይከፍላሉ” የሚለው መልስ አያድንም።

የሥራ ሰዓት መዝገቡ ሦስት ነገር ይኑረው። አንደኛ፣ ከሥራው በኋላ ይሞላ፤ የወሩ መጀመሪያ ላይ የተሞላ መዝገብ ዕቅድ ነው። ሁለተኛ፣ የሰውየውን ጊዜ ሁሉ 100 በመቶ አድርጎ ያሳይ፦ ማስተማር፣ ሕክምና፣ ይህ ፕሮጀክት፣ ሌላ ፕሮጀክት። ሦስት ፕሮጀክት ላይ 50፣ 40 እና 30 በመቶ የተመዘገበ ተመራማሪ የሚያዘው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ኃላፊ ይፈርምበት። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳይለወጥ 25 በመቶ የሚል መዝገብ ኦዲተሩን ወዲያው ያነቃዋል፤ የፈቃድ መዝገቡን ጠይቆ ሰውየው ሐምሌን በሙሉ ዕረፍት እንደነበር ካየ ደግሞ የዓመቱን ሁሉ ይጠራጠራል። በበጀትና በተሠራው መካከል ልዩነት ከተገኘ ፔሮሉን አስተካክሉ፤ ስህተቱ በታወቀ በ90 ቀን ውስጥ ከምክንያቱ ጋር ይመዝገብ።

5. ግዢ

አስፈላጊ፣ ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው፣ ለዚህ ፕሮጀክት የዋለ፤ እያንዳንዱ የግዢ ጥያቄ ለእነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ይያዝ። “ለቢሮ አገልግሎት” አይበቃም። “ለተሳታፊዎች የደም ናሙና ማጓጓዣ፣ የበጀት መስመር 4” ይበቃል። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ከግዢው ሰነድ ጋር ይያያዝ። አልኮል መጠጥ፣ መዝናኛና ቅጣት በምንም መልኩ አይከፈሉም። ለመደበኛ የሠራተኞች ስብሰባ ሻይና ምሳ ላይም ገንዘቡን አትንኩ።

ብዙዎች የማያውቁት ክልከላ አለ። ከ2020 ወዲህ በፌዴራል ገንዘብ የሁዋዌና የዜድ ቲ ኢ የቴሌኮም መሣሪያዎችን፣ እንዲሁም የሃይክቪዥን፣ የዳሁዋና የሃይቴራ የስለላ ካሜራና የሬዲዮ መሣሪያዎችን መግዛት አይቻልም። አዲስ አበባ ገበያ ላይ ራውተር ወይም የደኅንነት ካሜራ ስትሉ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ከእነዚሁ አንዱ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ በፕሮፎርማ መጠየቂያው ላይ ክልከላውን በግልጽ ጻፉ። አገልግሎቱ በእነዚሁ መሣሪያዎች ሊሰጥ ስለሚችል፣ ስለ ኢንተርኔት አገልግሎት ክፍያ ደግሞ ዋናው ተቀባይ አቋሙን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻው በራሱ ኮድ ይመዝገብ። አጠቃላዩ ደንብ በሕግ ግዴታ የሆነን ታክስ ይፈቅዳል፤ የተመለሰ ታክስ ግን ለፕሮጀክቱ ተመላሽ መሆን አለበት፣ ውላችሁም ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ሊሆን ይችላል። ተለይቶ ካልተመዘገበ በኋላ ፈልጎ ማውጣት ከባድ ነው።

6. የአየር ጉዞ

ፍላይ አሜሪካ የሚባለው ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚበር ሁሉ በአሜሪካ አየር መንገድ እንዲበር ያዛል። ወሳኙ ቲኬቱ ላይ ያለው የበረራ ኮድ ነው፤ የአውሮፕላኑ ባለቤት ሌላ ቢሆንም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄደው ተጓዥ ቲኬት በዩ ኤ (የአሜሪካው ዩናይትድ) የሚጀምር ቁጥር ከያዘ ተቀባይነት አለው፤ ያው በረራ በኢ ቲ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ) ቁጥር ከተቆረጠ ግን ውድቅ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አየር መንገዶች የስታር አሊያንስ አባል መሆናቸው ብቻውን አይበቃም። ርካሽ መሆኑና ቀጥታ መብረሩም ምክንያት አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገዶች በስምምነት የተፈቀደላቸው መስመር አለ። እንደ አዲስ አበባ–ናይሮቢ ባለ የአሜሪካ አየር መንገድ በማይበርበት መስመር ልዩ ሁኔታው ይሠራል፤ ይህም ሆኖ የልዩ ሁኔታው ቅጽ ይሞላ፣ ቲኬቱ በተቆረጠበት ቀን የተነሳ የበረራ ፍለጋ ምስልም ይያያዝ። ከጉዞ በኋላ የሚሞላ ቅጽ ዋጋ የለውም።

ውሎ አበል ላይ አንድ ነገር፦ አዘጋጁ ምሳና እራት ካበላ ያ ድርሻ ከአበሉ ይቀነስ።

7. ቅድሚያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለውጥ

የጥናቱ ዓላማ ወይም ወሰን ሲቀየር፣ ዋና ተመራማሪ ሲለወጥ ወይም ከሦስት ወር በላይ ሲርቅ ወይም ጊዜውን በ25 በመቶ ሲቀንስ፣ ያልታቀደ ንዑስ ውል ሲታሰብ፣ ጊዜ ሲራዘም ወይም ያለፈው ዓመት ቀሪ ገንዘብ ሲሻገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁት ኤን አይ ኤችን ሳይሆን ዋናውን ተቀባይ ነው። ፈቃድ የሚባለውም ውሉን ለመፈረም ሥልጣን ያለው የግራንት ቢሮ ኃላፊ በጽሑፍ የሰጠው ብቻ ነው። አሜሪካ ያለው ዋና ተመራማሪ በኢሜይል “ቀጥሉ” ቢላችሁ ያ የሥራ ባልደረባ አስተያየት ነው። ኢሜይሉን ለግራንት ቢሮው አስተላልፋችሁ መልስ ሳታገኙ አንድ ብር አታውጡ። የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ በዋናው ተቀባይ በኩል ከማብቂያው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መድረስ ስላለበት እናንተ ከ90 ቀን በፊት ጀምሩ።

8. ሥነ ምግባር፣ መረጃና ኅትመት

ሰው በሚሳተፍበት ጥናት ተቋሙ ኤፍ ደብሊው ኤ የሚባለው የፌዴራል ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። የተቋሙ ኮሚቴ፣ እንደ ጥናቱ ዓይነትም ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሰጠው ፈቃድ ካለቀበት ቀን ጀምሮ እስኪታደስ ድረስ ለተሳታፊ ሥራ የወጣ ገንዘብ ሁሉ አይከፈልም። የማደሻ ጥያቄውን ከሁለት ወር በፊት አስገቡ።

የሕክምና ሙከራ ከሆነ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ ይመዘገባል። ከ5,000 ዶላር በላይ የሆነ የገንዘብ ጥቅም ያለው ተመራማሪ ያሳውቃል፤ የጥቅም ግጭት ሥልጠናውም በየ4 ዓመቱ ነው። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ለኅትመት ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ያለ መዘግየት ፐብሜድ ሴንትራል በሚባለው ነፃ የጽሑፍ ማከማቻ ላይ መግባት አለበት፤ ጸሐፊው ከመጽሔቱ ጋር ከመፈራረሙ በፊት ይህን ያረጋግጥ።

የላቦራቶሪ ማስታወሻ ደብተር ጠበቅ ያለ ትኩረት ይሻል። ከ2024 ጀምሮ የውጭ ንዑስ ተቀባይ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደብተሩን፣ የጥሬ መረጃውንና የሰነዱን ቅጂ ለዋናው ተቀባይ እንዲያቀርብ ይጠበቃል። ገጹ ቁጥር ያለው፣ ቀኑ የተጻፈ፣ በእስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ይሁን፤ ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ አጠገቡም ፊርማ ይደረግ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በሐሰተኛ መረጃ በተገኘ የፌዴራል ገንዘብ ምክንያት በ2019 ክሱን ለመቋጨት 112.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ዋናው ተቀባይ የእናንተን ደብተር ማየት ቢፈልግ አይገርምም።

9. መዝጊያ

ንዑስ ተቀባይ ውሉ ካበቃ በ90 ቀን ውስጥ የመጨረሻውን ሪፖርትና የክፍያ መጠየቂያ ማቅረብ አለበት፤ ዋናው ተቀባይ ራሱ ያለው 120 ቀን ስለሆነ ውላችሁ 60 ወይም 45 ቀን ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ውሉ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው አዲስ ትልቅ ግዢ አቁሙ። መጨረሻ ሳምንት የተገዛ ላፕቶፕ ለተጠናቀቀ ጥናት ምን እንደሠራ ማስረዳት አይቻልም። ሁለት ወር ሲቀረው ያልተወራረደ የመስክ ቅድመ ክፍያ ሁሉ ይወራረድ፣ ንብረት በአካል ይቆጠር።

ሰነድ የሚቀመጠው 3 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው የመጨረሻውን የሒሳብ ሪፖርት ለዋናው ተቀባይ ካስገባችሁበት ቀን ነው። ያንን ቀን በሰነዱ ሣጥን ላይ ጻፉ። የአገር ውስጥ ሕግ ከዚያ በላይ ካዘዘ እሱ ይጠበቅ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ጽሑፉ ከጊዜ በኋላ ደብዝዞ ይጠፋል፤ በተቀበላችሁበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አንሱና ቅጂውን ከዋናው ጋር በስቴፕለር አያይዙ። ፕላስተር የደረሰኙን ቀለም ስለሚበላው አትለጥፉበት።